ደረጃ

ታላቅ እኅቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሕንጻው ሊፍት የለውም። እናታችን ስታርፍ እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቀን ቀን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ተላላኪ፣ ኋላም ጽዳት ሆና 31 ዓመት ሠራች፤ ማታ ማታ እንጀራ እየጋገረች ሸጠች። እኔ በዚያ እንጀራ ተምሬ የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ ሆንኩ። አንድ እሑድ ቤቷ ስሄድ የተጨዋወትነው ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ እንዲህ አሰፈርኩት።

እትዬ፦ ምነው እንዲህ ቁና ቁና ተነፈስክ? አራት ፎቅ እኮ ነው። እኔ በ68 ዓመቴ በቀን ሦስት ጊዜ እወጣዋለሁ።

እኔ፦ እንቅልፍ አልጠገብኩም እትዬ። ማክሰኞ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የማቀርበው ጽሑፍ አለ፤ ሌሊቱን እሱን ሳዘጋጅ ነው ያነጋሁት።

እትዬ፦ ኮትህን ስጠኝና ልስቀለው። ተቀመጥ፣ አረፍ በል። ስለ ምንድነው የምትነግራቸው?

እኔ፦ የሥራ ደረጃ ከጤና ጋር ስላለው ነገር። ስላንቺ ነው ብል ይቀላል።

እትዬ፦ ስለኔ ምን ይነገራል ደግሞ?

እኔ፦ ለንደን ውስጥ ዋይትሆል የሚባል ጎዳና አለ፤ የእንግሊዝ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሰበሰቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሐኪሞች እንዲህ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ 18 ሺህ ያህል ወንዶችን መመርመር ጀመሩ። ደም ብዛታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የሚያጨሱትን፣ የሥራ ደረጃቸውን ጻፉ። ከዚያ ማን በምን እንደሞተ ለዓመታት እየተከታተሉ መዘገቡ።

እትዬ፦ ሴቶቹንስ?

እኔ፦ በመጀመሪያው ጥናት አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ1985 በተጀመረው በሁለተኛው ግን ከ10,308 ሠራተኞች ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ።

እትዬ፦ እሺ፣ ቀጥል።

እኔ፦ በዚያን ጊዜ የልብ ሕመም የአለቆች በሽታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ብዙ ኃላፊነት ያለበት ሰው ብዙ ይጨነቃል፣ ልቡም ቶሎ ይደክማል ነው ሐሳቡ። መዝገቡ ሲታይ ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ። በ10 ዓመት ውስጥ ከታች ያሉት፣ እንዳንቺው ተላላኪና በር ጠባቂ የነበሩት፣ ከላይኞቹ ሹማምንት በሦስት እጥፍ ያህል ሞተዋል።

እትዬ፦ ድሀ ቀድሞ እንደሚሞትማ እኔም አውቃለሁ። ስንቱን ቀብሬያለሁ።

እኔ፦ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች እኛ ድሀ የምንላቸው ዓይነት አልነበሩም። ቋሚ ደመወዝ አላቸው፣ ጡረታ አላቸው፣ ጦማቸውን የሚያድሩ አይደሉም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሕክምና ለሁሉም በነጻ ነው። ማዕድን የሚቆፍር የለ፣ መርዝ የሚተነፍስ የለ፤ ሁሉም የሚውለው ቢሮ ነው። ደግሞ ልዩነቱ ከታችና ከላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድህነት ነው ብለን እናልፈው ነበር። አይደለም። ከላይ ሁለተኛ እርከን ላይ ያለው፣ ቤትና መኪና ያለው ሰው፣ ከአንደኛው ይልቅ ይታመማል። ሦስተኛው ከሁለተኛው ይብሳል። ልክ አሁን እንደወጣሁት ደረጃ፣ አንድ እርከን በወረድሽ ቁጥር ሞቱ ይጨምራል።

እትዬ፦ ሲጋራው ይሆናል። መጠጡ ይሆናል።

እኔ፦ እነሱም መጀመሪያ እንደዚያ ብለው ጠርጥረው ነበር። እውነት ነው፣ የታችኞቹ ይበልጥ ያጨሱ ነበር። ነገር ግን ሲጋራውንም፣ ደም ብዛቱንም፣ በደም ውስጥ ያለውን ስብም በሒሳብ ቀንሰው ሲያዩት ከልዩነቱ ግማሹ እንኳ አልተብራራም። የቀረው ምንድነው? ሁለተኛውን ጥናት የመሩት ሐኪም ማይክል ማርሞት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሠራተኛውን ጠየቁት። ሥራህን መቼና እንዴት እንደምትሠራ አንተ ትወስናለህ ወይ? የምትለው ይሰማል ወይ? በገዛ ሥራው ላይ ሥልጣን የሌለው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። በእርከኖቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለማብራራት ትልቁን ድርሻ የያዘውም ይኸው ነው።

(ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሲኒውን አጥባ ስትጨርስ ነው የቀጠለችው።)

እትዬ፦ አንድ ነገር ልንገርህ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በዚያ መሥሪያ ቤት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረች። ተላላኪ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ መጥሪያ ተሰቅሏል። አለቃው ጠረጴዛው ሥር ያለውን ቁልፍ ይጫናል፣ መጥሪያው ይጮሃል፣ እኔ እነሳለሁ። ሻይ አምጪ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ፋይል መዝገብ ቤት አድርሺ ሊሆን ይችላል፤ በጉልበቱ ነክቶት ዝም ብሎ የጮኸም ሊሆን ይችላል። መቼ እንደሚጮህ አላውቅም። ሽንት ቤት ለመሄድ እፈራ ነበር፤ እዚያ ሳለሁ ቢጮህስ? ሁለቱን ልጆቼን ሳረግዝ እንኳ እስከ ምሳ ሰዓት ይዤ እቆይ ነበር። ሥራው ከባድ ሆኖ አልነበረም። እንጀራ መጋገሩ ከሱ አሥር እጥፍ ይከብዳል፤ ጭሱ አለ፣ እሳቱ አለ፣ እንጨቱ አለ። ግን ማታ ምጣዴ ጋ ስቀመጥ ሰውነቴ ይላቀቅ ነበር። ሊጡ የኔ ነው፣ ምጣዱ የኔ ነው፣ ልቁም ካልኩ እቆማለሁ። ጡረታ ከወጣሁ 8 ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የጎረቤት ደወል ድንገት ሲጮህ ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜ እገኛለሁ።

እኔ፦ ይህን ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?

እትዬ፦ ለልጅ ይነገራል?

እኔ፦ የነገርሽኝ ነገር እኮ ሐኪሞቹ ያገኙት ነው። ሰው ድንገት ጅብ ሲያይ ከኩላሊቶቹ በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞች ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይነሳል፣ ሰውነት ለሩጫ እንዲሆነው ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው። መጥሪያው ግን አይሄድም። በቀን 20 ጊዜ፣ በዓመት 250 ቀን፣ ለዓመታት ጅቡ በራስሽ ላይ ተሰቅሎ ነበር። የደም ሥር በግፊት ብዛት ይደነድናል፤ ስኳሩ ሳይቃጠል ደም ውስጥ ይቀራል፤ ስብ ሆድ ላይ ይከማቻል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ብሩስ ማክዌን እ.ኤ.አ. በ1993 ከባልደረባው ጋር ለዚህ ስም አወጡለት። ሰውነት ራሱን ለማዳን ሲል የሚከፍለው ዋጋ ተጠራቅሞ የሚሆነው ሸክም እንደ ማለት ነው።

እትዬ፦ ቆሽቴ አረረ የሚባለው ይኼ ነዋ።

እኔ፦ ኢንሱሊን የሚያመነጨውም ቆሽት ነው። ሰው ሲናደድ ቆሽቱ ቃል በቃል ያራል ማለቴ አይደለም፤ ግን አባቶቻችን ንዴትን ሰውነት ውስጥ ቦታ ሰጥተውት እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።

እትዬ፦ ስማኝ ግን። ማክሰኞ እነዚያ ኃላፊዎች ፊት ስትቆም ድህነትን እንዳታቃልልብኝ። ሰው የሚታመመው ስላልተከበረ ነው ብለህ ከተናገርክ፣ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። ማክበር ገንዘብ አያስወጣም። የአራት ኪሎው ጎረቤታችን፣ አንተ ታስታውሰው እንደሆን አላውቅም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ልጆች በኩፍኝ ቀበረ። እነዚያን ልጆች የገደላቸው መጥሪያ አይደለም። ክትባት ማጣት ነው፣ ረሃብ ነው፣ አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ መተኛቱ ነው።

እኔ፦ ልክ ነሽ። አልክድም። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ይህን ያወረደው ክትባት ነው፣ አጎበር ነው፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ነው፤ ቤት ለቤት የዞሩት እነዚያ ወጣት ሴቶች ናቸው። የእናት ትምህርትም አለበት። የተማረች እናት ልጅ የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል፤ ይህ በየጥናቱ የታየ ነው።

እትዬ፦ እንደዚያ በላቸው። መጀመሪያ እንጀራ፣ ቀጥሎ ክብር ብለህ ግን አትከፋፍልብኝ። እኔ ሁለቱንም ያጣሁት በአንድ ቀን ነው፤ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ሄጄ እዚያች ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር።

እኔ፦ ይህን አረፍተ ነገር ማክሰኞ ልጠቀምበት?

እትዬ፦ ተጠቀምበት። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። እንደምትለው ከሆነ ከፍ ያለ ሰው ጤነኛ ነው። አንተ ከፍ ብለሃል። እኔ ከታች ነበርኩ፣ አንተ ከላይ ነህ። ታዲያ ለምን ታመምክ?

እኔ፦ ማን ታመመ?

እትዬ፦ ኮትህን ስሰቅል ኪስህ ውስጥ ያለውን እሽግ አየሁት። አምሎዲፒን ነው። እኔ የምውጠው ስለሆነ አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ሆነህ?

እኔ፦ ዓመት ከመንፈቅ።

እትዬ፦ ዓመት ከመንፈቅ! ስንት ነው ስትለካ?

እኔ፦ መጀመሪያ ሲገኝ 170 በ105 ነበር። ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ አንቺ ላይ ሌላ ሐሳብ እንዳልጨምር ብዬ ነው።

እትዬ፦ ለልጅ አይነገርም አልኩህ፤ አንተ ለእናትህ አትነግርም። ከኔ ጥሩ ተማርክ።

(እዚህ ላይ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በሙያዬ ሳነበው የቆየሁትን ነገር ለራሴ ሳልናገረው እንደኖርኩ ያወቅሁት ያን ሰዓት ነው።)

እኔ፦ አሜሪካ ውስጥ ሸርማን ጄምስ የሚባሉ ተመራማሪ አሉ። በሰሜን ካሮላይና ገጠር ጥቁሮች ላይ ደም ብዛት ለምን እንደሚበረታ ሲያጠኑ አንድ ጡረታ የወጣ ገበሬ አገኙ። ጆን ሄንሪ ማርቲን ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ቤተሰቡ እንደኛ አገር ጭሰኛ የሰው መሬት እያረሰ ምርቱን ለባለ መሬቱ የሚያካፍል ነበር። የተማረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ይህ ሰው 75 ኤከር መሬት በብድር ገዛ። ብድሩ በ40 ዓመት የሚከፈል ነበር። በ5 ዓመት ከፍሎ ጨረሰው።

እትዬ፦ ወይ ጀግና! እንዴት አድርጎ?

እኔ፦ ሌት ተቀን ሠርቶ። ልጆቹን ከጭሰኝነት ነጻ አወጣቸው። ግን በሃምሳዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ደም ብዛት ያዘው፣ መገጣጠሚያው ታሰረ፣ ጨጓራው ከመቁሰሉ የተነሳ 40 በመቶው ተቆርጦ ወጣ። ተመራማሪውን ያስደነገጣቸው ስሙም ጭምር ነበር። በጥቁር አሜሪካውያን ተረት ውስጥ ጆን ሄንሪ የሚባል፣ በመዶሻ ብረት እየመታ ዓለት የሚበሳ ሠራተኛ አለ፤ ከእንፋሎት መሣሪያ ጋር ተወዳድሮ አሸንፎ፣ መዶሻውን እንደያዘ ወድቆ የሞተ። ጄምስ ለዚህ ባሕርይ የጆን ሄንሪን ስም ሰጡት። ምንም መደገፊያ ሳይኖረው፣ ሁሉን በገዛ ጉልበቴ እወጣዋለሁ ብሎ የሚታገል ሰው ነው። ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላመጡም፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ጥናቶቻቸው ትምህርትና ገንዘብ ሳይኖረው ይህን ጠባይ የያዘ ሰው ደም ብዛቱ ብሶ ተገኝቷል። ቆይቶ ደግሞ በጆርጂያ ገጠር ያደጉ ድሀ ጥቁር ወጣቶች ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች ያዩት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት ራሳቸውን የሚገዙት፣ የሚተጉት ልጆች በትምህርትም በጠባይም የተሳካላቸው ሆኑ። የሰውነታቸው ሕዋሶች ሲመረመሩ ግን ከዕድሜያቸው በላይ አርጅተው ተገኙ። ሻል ያለ ኑሮ ካለው ቤት የመጡ ትጉ ልጆች ላይ ይህ አልታየም።

እትዬ፦ ድሀው ልጅ ብቻውን ስለሚወጣ ነዋ። የሀብታሙን ልጅ ከኋላ የሚገፋው አለ።

እኔ፦ እሱ ነው። እኔን ተመልከቺኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከሰፈራችን የመጀመሪያው ነበርኩ። ከያኔ ጀምሮ አንድም ቀን ተዝናንቼ የተቀመጥኩ አይመስለኝም። ስብሰባ ላይ ስናገር ድምፄን አዳምጣለሁ፤ ልክ ተናገርኩ ወይ? እያልኩ። ባልደረቦቼ አባቶቻቸው ይተዋወቃሉ፣ አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። እኔ ከተሳሳትኩ የሚይዘኝ የለም። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ስልኩ አለ። የቤት ኪራይ የጎደለበት፣ ልጅ የታመመበት፣ ለሐዘን የሚዋጣ። መስጠቱን አልጠላም፤ እናንተ ባትኖሩ እኔ አልኖርም። ግን ስልኩ ሲጮህ ልቤ ይዘላል።

እትዬ፦ መጥሪያ ነዋ።

እኔ፦ …

እትዬ፦ ኪስህ ውስጥ ያለ መጥሪያ። ከጫኑት አንዷ እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር ለእኅታችን ልጅ ሰርግ አሥር ሺህ ብር ላክ ስልህ ከየት እንደምታመጣው አልጠየቅሁም። ቢሮ አለው፣ ወንበር አለው፣ አያጣም አልኩ።

እኔ፦ ተበድሬ ነው የላክሁት።

እትዬ፦ እንደዚያ መሆኑን አሁን ሳይህ አወቅሁት። ይቅር በለኝ የኔ ልጅ።

እኔ፦ ምን በደልሽኝና! ነገሩን ተነጋግረን ብናውቀው ኖሮ ነው እንጂ። ይልቅ እኔ የሚገርመኝን ልጠይቅሽ። ባንቺ ላይ የወረደው ሁሉ ወርዶ፣ አንቺ ከዕድሜ እኩዮችሽ ሁሉ ጠንካራ ነሽ። ደም ብዛትሽም በአንዲት ኪኒን ተይዟል። ምንድነው የያዘሽ?

እትዬ፦ እግዚአብሔር ነው። ከዚያ ደግሞ እድሩ። መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርኩ፣ ሰፈሬ ስገባ ግን የእድር ዳኛ ነበርኩ። ያ መጥሪያ የሚጫነው አለቃ አባቱ ሲሞትበት ድንኳን ያስተከልኩት፣ ለቀስተኛ ያስተናገድኩት እኔ ነኝ፤ የሱ ቤተሰብ በእኛ እድር ውስጥ ነበር። ያን ሦስት ቀን እሱ ቁጭ ብሎ እኔ ሳዝ፣ እሱም እሺ ሲል አይቼዋለሁ። ሰኞ ወደ ሥራ ስንመለስ እንደገና መጥሪያውን ተጫነ። ግን ያን ቀን እንደ ወትሮው አልከበደኝም።

እኔ፦ ይህን ያህል ትልቅ ነገር ነገርሽኝ እትዬ። ሰው አንድ ደረጃ ብቻ ሲኖረው፣ እዚያ ላይ ዝቅ ካለ ሙሉ በሙሉ ዝቅ ይላል። አንቺ ሌላ ደረጃ ነበረሽ።

እትዬ፦ አንተስ? እድር አለህ?

እኔ፦ የለኝም። በኪራይ ስዘዋወር የት ልግባ? ጽዋውንም ትቼዋለሁ። ከቢሮ ውጭ ማንም ለምንም ነገር አይፈልገኝም፤ ለገንዘብ ካልሆነ።

እትዬ፦ እኔም እኮ አንዴ እንደዚያ ሆኜ ነበር። ወደዚህ የመጣሁ ጊዜ። የአራት ኪሎው ቤት ይፈርሳል ተብሎ ወሬው ከተነሣ ጀምሮ ሦስት ዓመት እንቅልፍ አልነበረኝም። ዛሬ ነው፣ ነገ ነው እያልኩ። ደም ብዛት ያገኙብኝ ያኔ ነው፤ ከመፍረሱ በፊት።

እኔ፦ ዋይትሆል ላይም ይህን አይተዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ለግል ሊሸጥ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ገና ማንም ሳይባረር የሠራተኞቹ ጤና መውረድ ጀምሮ ነበር። ለሰውነት የማያውቀው ነገ ራሱ በሽታ ነው።

እትዬ፦ ከዚያ እዚህ መጣን። ቤቱን አልነቅፍም፤ የራሴ ሽንት ቤት አለኝ፣ ውኃ ቢቆራረጥም በቧንቧ ይመጣል፣ ጣራው አያፈስም። ለሽንት ቤት ወረፋ መቆም የቀረልኝ ቀን አልቅሻለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሕንጻ ስሜን የጠራ ሰው አልነበረም። ገበያ ሄጄ እመጣለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ። ጉልበቴ ታሰረ፣ መነሣት አቃተኝ። ሐኪሙ ምንም አላገኘም። በኋላ ምድር ቤት ያለችው ሴትዮ ባሏ ሞተ፤ የሚቀብር እንኳ አልነበራትም። ያን ቀን በር በር እያንኳኳሁ ሰው ሰበሰብኩ። ከዚያ እድር አቋቋምን፤ አሁን ከአራት ብሎክ 112 አባወራ ነን። ጉልበቴን መቼ እንደተወኝ አላውቅም።

እኔ፦ ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 የአሜሪካ መንግሥት በቦስተን፣ በባልቲሞር፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ 4,600 ያህል ድሀ ቤተሰቦችን በዕጣ ለያቸው። ከፊሎቹ ድህነት ወደማይበዛበት ሰፈር እንዲዛወሩ የቤት ኪራይ ድጋፍ ተሰጣቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ይህ ድጋፍ አልተሰጣቸውም። ከ10 እስከ 15 ዓመት ቆይተው ሲያዩአቸው፣ የተዛወሩት እናቶች ገቢ አልጨመረም። ግን ስኳርና ከልክ ያለፈ ውፍረት ቀንሶላቸዋል፤ በኑሯቸውም ከሌሎቹ ይልቅ ደስተኞች ነን ይሉ ነበር። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች አድገው ገቢያቸው ከፍ ብሏል።

እትዬ፦ እነሱ ከተኩስ ሸሽተው ሊሆን ይችላል።

እኔ፦ አብዛኞቹ እናቶች ለመዛወር የፈለጉበት ዋና ምክንያት ከሰፈሩ ወሮበላ ቡድኖችና አደንዛዥ ዕፅ መራቅ ነበር። በደንብ ገምተሻል።

እትዬ፦ እኔ የሄድኩት ደግሞ ከሰው ተለይቼ ነው። ስለዚህ ከፍ ማለት ብቻውን ምንም አይልህም። ከምን ወጣህ፣ ከማን ተለየህ፣ ማን አብሮህ ወጣ የሚለውን ጠይቅ። ለኃላፊዎቹ ምን አድርጉ ልትላቸው ነው?

እኔ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው እኒያው ማርሞት ናቸው። በ2008 ባወጣው ሪፖርት ሰው የሚወለድበት፣ የሚያድግበት፣ የሚሠራበትና የሚያረጅበት ሁኔታ ካልተስተካከለ በሐኪም ቤት ብቻ ጤና አይገኝም ብሏል። ሥልጣንም ገንዘብም ፍትሐዊ በሆነ መንገድ መከፋፈል አለበት ይላል። እኔም መንግሥት በፖሊሲ ደረጃ ይህን…

እትዬ፦ ቆይ። ፖሊሲው ይቆየን። ቢሮህን የሚያጸዱት ስንት ናቸው?

እኔ፦ የኛን ፎቅ? ሁለት… ሦስት ይመስለኛል።

እትዬ፦ ስማቸው ማን ማን ነው?

እኔ፦ …አላውቅም እትዬ።

እትዬ፦ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?

እኔ፦ እኔ ስደርስ ጨርሰው ነው የማገኘው።

እትዬ፦ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የሚገቡት። በኔም ጊዜ እንደዚያው ነበር። ልጅ አስተኝተው፣ በጨለማ፣ ጅብና ዱርዬ እየፈሩ፣ ታክሲ ሳይኖር። ለምን 11 ሰዓት እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። አለቆቹ 2 ሰዓት ተኩል ነው የሚገቡት፤ በ12 ሰዓት ተኩል ቢጀመርም ይደርሳል። ለዓመታት ይህን የምነግረው ሰው ፈልጌ ነበር። የሚጠይቀኝ አንድ ሰው። ማክሰኞ ጽሑፍህን አቅርብ፣ ጥሩ ነው። ሰኞ ግን ከማክሰኞ ይቀድማል።

ሰኞ በ12 ሰዓት ቢሮ ገባሁ። ሦስት ሴቶች ናቸው። ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ አብሬያቸው ሻይ ጠጣሁ፤ ስለ ሥራቸው መለወጥ የሚፈልጉት ነገር ካለ ንገሩኝ አልኳቸው። መጀመሪያ የለም አሉ። ቆይተው ታላቂቱ ስለ ሰዓቱ አነሣች። እኅቴ እንዳለችው ነበር፤ ሌሊት 11 ሰዓት። ከአስተዳደሩ ጋር ሁለት ሳምንት ተነጋግረን፣ ሥራው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እስካለቀ ድረስ መቼ እንደሚጀምሩና ማን መቼ እንደሚገባ ራሳቸው እንዲወስኑ ተፈቀደ። አሁን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባሉ። ትንሿ ልጇን ቁርስ አብልታ ትመጣለች። እኔ በጀሞው እድር 113ኛ አባል ሆኜ ተመዝግቤያለሁ። ትናንት ጠዋት ደም ብዛቴ ሲለካ 148 በ94 ነበር።